ታይምአውት ማርዘም ኢንተርኔት ያፈጥናል? ቶር በደካማ ኔትወርክ ላይ

ጳጉሜ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ፣ በሳዑዲ ዓረቢያዋ ጂዳ አቅራቢያ፣ የባሕር ስር የኢንተርኔት ኬብሎች ተቆረጡ። ማይክሮሶፍት አዙር በተባለው የክላውድ አገልግሎቱ በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል የሚያልፍ ትራፊክ ሊዘገይ እንደሚችል ለደንበኞቹ አሳወቀ። በፓኪስታን፣ በሕንድና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ኢንተርኔት ተጎተተ። ነገሩ አዲስ አልነበረም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በዚያው ባሕር ኬብሎች ተበጥሰዋል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በአፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚያልፉት የኢሲና የሲኮም ኬብሎች ተቆርጠው የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ቀናት በዘገምተኛ ኔት አሳልፈዋል።

ኬብል ሲቆረጥ ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ ድርግም ብሎ አይጠፋም። ትራፊኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፣ ይዞራል፣ ባልተቆረጠው መስመር ላይ ይጨናነቃል። ያኔ መጀመሪያ የሚያነክሰው ድሮውንም ረጅም መንገድ የሚሄድ ሶፍትዌር ነው። የተጠቃሚውን ማንነትና ቦታ የሚሰውረው ቶር ከእነዚህ ዋነኛው ነው።

ከዚያ ምክሩ ይጀምራል። «የቶርን ማስተካከያ ፋይል ክፈት፣ ታይምአውቱን ከፍ አድርግ፣ ይፈጥንልሃል።» ሌላው ደግሞ ተቃራኒውን ይላል፤ «ዝቅ አድርገው፣ ቀርፋፋውን መስመር ቶሎ ይጥልልሃል።» ሁለቱም ውስጥ ትንሽ እውነት አለ። አብዛኛው ግን ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ ጊዜ ከማባከን አልፎ ሶፍትዌሩ የተሠራበትን ዓላማ ሊነካ ይችላል።

የትዕግሥት ገደብ

ታይምአውት ማለት አንድ ፕሮግራም መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ ጣሪያ ነው። ጥያቄ ይልካል፣ ሰዓት ይይዛል፣ ገደቡ ሲያልቅ «አልመጣም» ብሎ ይተወዋል። ከዚያ ወይ እንደገና ይሞክራል፣ ወይ ለተጠቃሚው አልተሳካም ይላል።

ስለዚህ ታይምአውት የፍጥነት ቁልፍ አይደለም። 5 ሰከንድ የሚፈጅ ነገር ገደቡን 60 ስላደረጉት በ3 ሰከንድ አያልቅም። ታይምአውት የሚወስነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቼ ተስፋ እንደሚቆረጥ።

የታክሲ ሰልፍን ያስቡ። 30 ደቂቃ ተሰልፎ ተራው ሊደርስ ሲል ሰልፉን ትቶ ወደ ሌላ ሰልፍ ጭራ የሚሄድ ሰው አለ። እዚያም 30 ደቂቃ ይቆምና እንደገና ይሄዳል። ገደቡ ካጠረ ቶርም ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ሊያልቅ የተቃረበውን ሥራ ጥሎ ከዜሮ ይጀምራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሙከራ ዳታ ይበላል። ፓኬጅ ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል ታክሲው ጨርሶ በማይመጣበት ሰልፍ ላይ 2 ሰዓት የሚቆምም አለ። ገደቡ ከልክ በላይ ሲረዝም የሚሆነው ይህ ነው። የሞተ መስመር እየተጠበቀ ገጹ ይሽከረከራል።

አንድ ገጽ እስኪከፈት ስንት ምልልስ አለ

ቶር የተጠቃሚውን ጥያቄ በቀጥታ ወደ ድረ ገጹ አይልክም። በሦስት አቀባባይ ኮምፒውተሮች ያሳልፈዋል። እነዚህ አቀባባዮች ሪሌይ ይባላሉ። የመጀመሪያው የመግቢያ ሪሌይ ነው፤ ጋርድ ይሉታል። ቀጥሎ መካከለኛው፣ ከዚያ መውጫው። ሦስቱ የሚፈጥሩት መንገድ ሰርኪት ይባላል። ጋርዱ ማን እንደሆኑ ያያል፤ የት እንደሚሄዱ አያይም። መውጫው የት እንደሚኬድ ያያል፤ ማን እንደሚሄድ አያይም። የምስጢሩ አሠራር ይኸው ነው።

ሰርኪቱ ግን በአንድ ጊዜ አይዘረጋም። መጀመሪያ ከጋርዱ ጋር የምስጢር ቁልፍ ይለዋወጣል። ከዚያ በጋርዱ በኩል ከመካከለኛው ጋር። ከዚያ በሁለቱ በኩል ከመውጫው ጋር። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሙሉ ምልልስ ይጠይቃል፤ ሄዶ መመለስ። ሦስት ጊዜ ታክሲ መቀየር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እዚህ ግን እያንዳንዱን ቅያሪ ለማመቻቸት ከቤት እንደገና መነሳት አለ።

በቁጥር እንየው። ከተጠቃሚው እስከ ጋርዱ ያለው ምልልስ 600 ሚሊሰከንድ ይፍጅ እንበል። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎሜትር ላይ በሚቆም ሳተላይት የሚሄድ ኢንተርኔት ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ጥያቄው ወደ ሳተላይቱ ወጥቶ ሲወርድ፣ መልሱም እንዲሁ ወጥቶ ሲወርድ ያንን ርቀት አራት ጊዜ ስለሚያቋርጡ ብርሃን ራሱ ወደ 480 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል። የተጨናነቀ የሞባይል ኔትወርክም እዚያ ይደርሳል። በሪሌዮቹ መካከል፣ እንዲሁም በመውጫውና በድረ ገጹ መካከል ያለው እያንዳንዱ ምልልስ ደግሞ 50 ሚሊሰከንድ ይሁን።

የመጀመሪያው ደረጃ 0.6 ሰከንድ ነው። ሁለተኛው 0.65። ሦስተኛው 0.7። ሰርኪቱ ለመሠራት 1.95 ሰከንድ ፈጀ ማለት ነው። ከዚያ ጥያቄው ወደ መውጫው ሄዶ፣ መውጫው ከድረ ገጹ ጋር ተገናኝቶ፣ መልሱ ሲመጣ 0.75። ከድረ ገጹ ጋር የሚደረገው የምስጢር ስምምነት ሌላ 0.75። ገጹን መጠየቅ ሌላ 0.75። ድምሩ 4.2 ሰከንድ። ይህ አንድም ነገር መንገድ ላይ ሳይጠፋ ነው።

አሁን ያንኑ ስሌት ከጋርዱ በ40 ሚሊሰከንድ ርቀት ላይ ላለ ሰው እንሥራው። ድምሩ 0.84 ሰከንድ ይመጣል። የቶር ኔትወርክ ለሁለቱም አንድ ነው። የተለየው ከቤት እስከ ጋርድ ያለው መንገድ ብቻ ነው። እሱ ግን ስድስት ጊዜ ተባዛ። ከ4.2 ሰከንዱ 3.6ቱ የዚያ የመጀመሪያ መንገድ ድርሻ ነው። «ቶር ዘገምተኛ ነው» የሚባለው አብዛኛው ነገር ቶር ደካማውን መስመር ደጋግሞ ስለሚያቋርጠው ነው ብል ከእውነት አልርቅም።

አንድ ማስታወሻ አለ። ቶር ሰርኪቶችን አስቀድሞ ሠርቶ ያስቀምጣል። ስለዚህ ተጠቃሚው የመጀመሪያዋን 1.95 ሰከንድ ብዙ ጊዜ አያያትም። ኔትወርኩ ሲከፋ ግን የተዘጋጁት ያልቃሉ፤ ያኔ ትታያለች።

የጠፋ ነገር ካለስ? በመደበኛው የኢንተርኔት አሠራር፣ ግንኙነት ለመክፈት የተላከች የመጀመሪያ ፓኬት (ትንሽ የመረጃ ጥቅል) ከጠፋች ላኪው 1 ሰከንድ ጠብቆ እንደገና ይልካል። ያችም ከጠፋች 2 ሰከንድ ይጠብቃል። ከዚያ 4፣ ከዚያ 8። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በነባሪ አሠራሩ፣ ማለትም ማንም ቁጥሩን ሳይነካው፣ ደጋግሞ ሲሞክር በድምሩ 2 ደቂቃ ገደማ ይሄድበታል። ለዚህ ነው በደካማ ኔት ላይ አንዱ ገጽ ወዲያው ተከፍቶ ሌላው ቀጥ የሚለው። የፍጥነት ልዩነት አይደለም። የአንዱ ገጽ ፓኬት ጠፍታለች፣ የሌላው ደርሳለች።

ቶር ትዕግሥቱን ከልምድ ይማራል

ብዙው ምክር የሚሳሳተው እዚህ ነው። በቶር ማስተካከያ ፋይል ውስጥ «ሰርኪት ቢልድ ታይምአውት» የሚባል መስመር አለ። ነባሪው 60 ሰከንድ ነው። ሰዎች ይህን ቁጥር ይቀይሩና ውጤት ይጠብቃሉ። ምንም አይለወጥም። ከዚያ ሌላ ቁጥር ይሞክራሉ።

የማይለወጥበት ምክንያት ቀላል ነው። ያ ቁጥር መነሻ ብቻ ነው። ቶር እያንዳንዱ ሰርኪት ለመሠራት ስንት ጊዜ እንደወሰደ ይመዘግባል። 100 ያህል ሲሰበስብ የራሱን ገደብ ያሰላል። ስሌቱ ፓሬቶ በሚባል የስታቲስቲክስ ቅርጽ ላይ የቆመ ነው። ፓሬቶ አብዛኞቹ ነገሮች ባጭሩ የሚያልቁበትን፣ ጥቂቶቹ ግን እጅግ የሚረዝሙበትን ሁኔታ ይገልጻል። የሰርኪት ነገር በትክክል እንዲህ ነው። ቶር ከ100 ሰርኪቶች 80ዎቹ የሚያልቁበትን ጊዜ ፈልጎ ገደቡን እዚያ ላይ ያስቀምጣል። የቀሩትን 20 ቀርፋፎች ለሥራ አይጠቀምባቸውም።

ይህ ብልህ አሠራር ነው። በርሊን ያለ ሰው ገደቡ ከ1 ሰከንድ በታች ሊሆን ይችላል። በሳተላይት የሚጠቀም ሰው ገደቡ ብዙ ሰከንድ ይሆናል። ማንም ምንም አልነካም። ሶፍትዌሩ ራሱ የየሰውን ኔትወርክ ለክቶ ሰፋው።

ደካማ ጎኑ የሚታየው ኔትወርኩ ቀርፋፋ ሲሆን ሳይሆን ሲዋዥቅ ነው። ይህ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። ሁልጊዜ እኩል ቀርፋፋ የሆነ መስመር ለቶር ችግር አይደለም፤ ይማረዋል። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የሚፈስና ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚታነቅ መስመር ግን ያታልለዋል። ሌሊቱን 1.5 ሰከንድ ብሎ ተምሮ ያድራል። ማታ ሁሉም ሰው ኔት ላይ ሲወጣ እያንዳንዱ ሰርኪት 4 ሰከንድ ይፈጃል። ቶር ግን አሁንም በሌሊቱ መስፈሪያ ይሰፍራል። ደህና የነበረውን ሰርኪት «ዘገየ» ብሎ ይተወዋል።

ለዚህም መድኃኒት ተበጅቶለታል። ከመጨረሻዎቹ 20 ሰርኪቶች 18ቱ ገደቡን ካለፉ ቶር «ኔትወርኩ ተቀይሯል» ብሎ የቀድሞ ልምዱን ይጥላል። ወደ 60 ሰከንድ ተመልሶ እንደ አዲስ ይማራል። 18 ካልሞሉስ? ከ20ው 12ቱ ብቻ ቢወድቁ ማንቂያው አይደውልም። ገደቡን ያለፉት ሰርኪቶችም ለመለኪያ ያህል መሠራታቸውን ስለሚቀጥሉ ልምዱ ቀስ በቀስ ይስተካከላል። ነገር ግን መዝገቡ እስከ 1000 ሰርኪት የሚይዝ በመሆኑ ቀስ በቀስ የሚለው ቃል እውነትም ቀስ በቀስ ነው። ከቤት ዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ፣ ከሞባይል ዳታ ወደ ቢሮ የሚቀያይር ላፕቶፕም እዚሁ ወጥመድ ውስጥ ይገባል። መዝገቡ ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ ቶርን አጥፍቶ ማብራት ብቻውን አያጸዳውም።

የቸኮለ መስመር ማንን ያቀርባል

በተራ ፕሮግራም ላይ ታይምአውት የምቾት ጉዳይ ነው። እዚህ ግን ሌላ መዘዝ አለው።

ቶር ሪሌዮችን የሚመርጠው በዕጣ ነው፤ ከፍ ያለ አቅም ላላቸው ብዙ ዕጣ ይደርሳቸዋል። ከዕጣው በኋላ ግን ታይምአውት እንደ ሁለተኛ ወንፊት ይሠራል። የዘገየው ይወድቃል፤ የፈጠነው ያልፋል። አንድ ሰው በቀርፋፋ መስመር ላይ ሆኖ ቶር ከልምድ የሚማርበትን አሠራር ዘግቶ ገደቡን በ2 ሰከንድ ላይ ቢቸነክረው ምን ያልፋል? ለጋርዱ ቅርብ የሆኑ ሪሌዮች ብቻ። የቶር ሪሌዮች በብዛት የሚገኙት እንደ ጀርመን፣ አሜሪካ፣ ኔዘርላንድስና ፈረንሳይ ባሉ ጥቂት አገሮች ነው። ወንፊቱ ሲጠብ መንገዶቹ ይመሳሰላሉ። መግቢያና መውጫው በአንድ ሰፈር ይወድቃሉ። ሁለቱንም ጫፍ ለማየት የሚፈልግ አካል ሥራው ይቀልለታል። ፈጣን ሪሌይ አቁሞ ተጠቃሚ ለሚጠብቅ ሰውም በሩ ይሰፋለታል።

የቶር ሠሪዎች 20 በመቶውን ሲጥሉ ይህን ያውቃሉ። ጥቂት ብዝኃነት ከፍለው ብዙ ፍጥነት ገዙ። ያ የተመጠነ ክፍያ ነው። በግምት የገባ 2 ሰከንድ ግን ምን ያህል እንደተከፈለ እንኳ አያሳውቅም።

ሌላም አለ። ጋርዱ ሰርኪቶች መቼ እንደሚተዉ ያያል። ሁልጊዜ በ7ኛው ሰከንድ ላይ የሚተው ተጠቃሚ ካለ ያ ባሕርይ ምልክት ይሆናል ይባላል። ይህ ስጋት ትክክል ቢሆንም በእኔ እይታ ከሚገባው በላይ ይጋነናል። በመማር የሚገኘው ገደብም ከሰው ሰው ይለያያልና። ይበልጥ የሚያሳስበው የመንገድ መጥበቡ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዳንዴ ቶር በመዝገቡ ላይ «ጋርድህ በጣም ብዙ ሰርኪት እያበላሸ ነው» የሚል መልእክት ይጽፋል። ምክንያቱ የኔትወርክ መጨናነቅ ሊሆን ይችላል፤ ጥቃትም ሊሆን ይችላል። ጥቃቱ እንዲህ ነው፤ ተንኮለኛ ጋርድ በራሱ ወዳጆች የማያልፉትን ሰርኪቶች ሆን ብሎ ይገድላል። ችግሩ ደካማ መስመርም ከውጭ ሲታይ ያንኑ ይመስላል። ሰው ይደነግጥና ጋርዱን ይቀይራል። ሲደጋግመው ብዙ ጋርዶች ያውቁታል። ጋርድ ለወራት እንዲቆይ የተደረገው ግን ተጠቃሚውን የሚያዩት ሰዎች ጥቂት እንዲሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ቶር ሦስት ዋና ጋርዶችን ይዞ፣ ለጊዜው የጠፋው ሲመለስ ወደ እሱ ይመለሳል። ኔት ሲቋረጥ ደግሞ «ጋርዱ ሞተ» ወይስ «እኔ ነኝ የተቋረጥኩት» ብሎ ለመለየት ይሞክራል። ተጠቃሚው በትዕግሥት ማጣት ይህንን እንዲያፈርስ አይመከርም።

ዘገየ፣ ታፈነ ወይስ ተዘጋ

ታይምአውት ከመነካቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። ሦስቱ ከስክሪኑ ፊት ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። የሚሽከረከር ክብ ብቻ ነው የሚታየው።

መዝጋት ቀላሉ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የትኛውም ታይምአውት ዋጋ የለውም። መንገድ የለም።

ማገድ ይለያል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡ ሌላው ኢንተርኔት ይሠራ ነበር። ሰዉም ወደ ቪፒኤን ሄደ። እገዳው ራሱ ቶር ላይም ሊያርፍ ይችላል። ቶርን የሚሠራው ድርጅት፣ ቶር ፕሮጀክት፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 በኢትዮጵያ የትራፊክን ይዘትና ጠባይ እየመረመረ የሚያግድ ቴክኖሎጂ ሥራ ላይ መዋሉን ገልጾ ነበር። ይህ ዲፕ ፓኬት ኢንስፔክሽን ይባላል። ፖስታውን በአድራሻው ሳይሆን በቅርጹ እንደመለየት ነው። በዚህ ጊዜ መፍትሔው ትዕግሥት ሳይሆን ብሪጅ ነው፤ አድራሻው በይፋ ያልተዘረዘረ፣ ትራፊኩንም ሌላ ነገር የሚያስመስል መግቢያ። ኦብፍስ4፣ ስኖውፍሌክና ዌብተነል የሚባሉት የዚህ ዓይነት ናቸው። ስኖውፍሌክ በበጎ ፈቃደኞች ብሮውዘር በኩል ስለሚያልፍ፣ በጎ ፈቃደኛው ብሮውዘሩን ሲዘጋ መስመሩ ይቀየራል። ደካማ ኔት ላይ ይህ ይሰማል።

ሦስተኛው ማፈን ነው። ፍጥነቱ ሆን ተብሎ ዝቅ ይደረጋል፤ ግን አይቆረጥም። ከተራ መጨናነቅ ለመለየት አስቸጋሪው ይህ ነው።

ቶር ሲነሳ የሚያሳየው የመቶኛ ቁጥር እዚህ ላይ ብዙ ይናገራል። ብዙዎች ቁጥሩን እንደ ጌጥ ነው የሚያዩት። 5 በመቶ ላይ ቀጥ ካለ ከመጀመሪያው ሪሌይ ጋር መገናኘት ራሱ አልተቻለም፤ እገዳ ወይም የተቋረጠ መስመር መጠርጠር ነው። ከ10 እስከ 14 ባለው ላይ ከቆመ ግንኙነቱ ተከፍቶ የምስጢር ስምምነቱ ላይ ተይዟል፤ የይዘት ምርመራ ሊሆን ይችላል። 30 አካባቢ የሪሌዮችን ዝርዝር እያወረደ ነው። ከ50 እስከ 75 ባለው ደግሞ የእያንዳንዱን ሪሌይ መግለጫ። እዚህ ቀስ እያለም ቢሆን የሚሄድ ከሆነ መስመሩ ቀጥኖ እንጂ ተዘግቶ አይደለም። 2 ሜጋባይት የሚሆን ነገር በሰከንድ 64 ኪሎቢት በሚወስድ መስመር ላይ ከ4 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። መጠበቅ ነው። መሃል ላይ ማቋረጥ የወረደውን ከማባከን በቀር ምንም አይጠቅምም።

ለእኛ ብቻ የሚሆን አንድ ወጥመድም አለ፤ ሰዓት። ቶር የሪሌዮቹን ዝርዝር የሚቀበለው የኮምፒውተሩ ቀን ከዝርዝሩ ቀን ጋር ሲስማማ ነው። ባትሪዋ የሞተ አሮጌ ላፕቶፕ በጠፋች ቁጥር ቀኗን ትረሳለች። ባለቤቷ በእጁ ያስተካክላል፤ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2018 ብሎ ይሞላል። ኮምፒውተሩ ግን ያንን በፈረንጅ ነው የሚያነበው። በሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ቶር አይነሳም፤ ሌሎች ድረ ገጾችም የምስክር ወረቀት ስህተት ያወጣሉ። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን «9» ብሎ መሙላትም በ6 ሰዓት ያዛባል፤ ማስጠንቀቂያ ያስወጣል፣ አንዳንዴም ያደናቅፋል። ታይምአውት ሲነካካ የሚውል ሰው መጀመሪያ የስክሪኑን ጥግ ቢያይ አይጎዳም።

ሁለት አመለካከቶች

አንደኛው ወገን «ምንም አትንኩ» ይላል። መከራከሪያው ጠንካራ ነው። ማንነትን መሰወር በጋራ የሚሠራ ነገር ነው። አንድ ሰው የሚሰወረው ሌሎችን ስለሚመስል ነው። ሁሉም ነባሪውን ቢጠቀም ሁሉም ይመሳሰላል። እያንዳንዱ በራሱ ቁጥር ከሄደ መሰወሪያው ይሳሳል።

ሌላው ወገን «ነባሪው ለማን ተሠራ?» ይላል። የሙከራ ኮምፒውተሮች፣ ሠሪዎችና አብዛኞቹ ሪሌዮች ያሉት ፈጣን ኔትወርክ ባለበት ነው። የተጠቃሚው መስመር ሲንቀጠቀጥ ፕሮግራሙ በተደጋጋሚ ይወድቃል። መጨረሻ ላይ ሰው ተማርሮ ቶርን ይዘጋና ያለ ምንም ሽፋን ይገባል። የማይሠራ መከላከያ አይከላከልም።

ሁለተኛው ወገን የሚያነሳው ችግር እውነተኛ ነው። ግን ወደ ተሳሳተ ቁልፍ ነው የሚጠቁመው። የሰርኪት መሥሪያው ገደብ አስቀድሞ ለየሰው ተሰፍቷል። ነባሪው በጠባብ የተሠራበት ቦታ ሌላ ነው። እንዲያውም የቶር መመሪያ ራሱ ኔትወርክዎ በጣም ቀርፋፋ ከሆነ ቀይሩት ብሎ የሚመክረው ያንን ነው።

የቱን መንካት፣ የቱን መተው

ያ ቦታ «ሰርኪት ስትሪም ታይምአውት» ይባላል። ስትሪም ማለት በተሠራው ሰርኪት ላይ የሚሄድ አንድ ግንኙነት ነው፤ ለምሳሌ አንድ ድረ ገጽ መክፈት። ሰርኪቱ ተሠርቶ አልቋል። ጥያቄው ወደ መውጫው ተልኳል። መልስ ይጠበቃል። ቶር መጀመሪያ 10 ሰከንድ ይጠብቃል። ካልመጣ ሰርኪት ቀይሮ ሌላ 10 ሰከንድ፤ ከዚያ በኋላ 15። ይህ መርሐ ግብር ለማንም አይማርም፤ ለበርሊንም ለሳተላይትም አንድ ነው።

10 ሰከንድ ብዙ ይመስላል። ቅድም ያየነው 0.75 ሰከንድ ላይ ሁለት የጠፉ ፓኬቶች ቢጨመሩ፣ ከዚያም ትልቅ ፋይል እያወረደ ያለ የቤት ሰው መስመሩን ቢሞላው፣ 10 ሰከንድ ይደርሳል። በየቅያሪው ደግሞ መውጫው ስለሚለወጥ ድረ ገጹ ጥያቄውን ከሌላ አገር የመጣ አድርጎ ሊያይ ይችላል። «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» የሚለው መዓት ከዚህም ይመጣል። መመሪያው ይህንን ቁጥር 60 አካባቢ ማድረግ እንደሚቻል ይናገራል። የመንገድ ወንፊቱን ስለማያጠብ በማንነት ላይ የሚያመጣው መዘዝ ከሰርኪት ገደቡ ያነሰ ነው።

ነገር ግን ገደቦች እንደ ሳጥን በሳጥን የተደራረቡ ናቸው። ከስትሪሙ በላይ «ሶክስ ታይምአውት» አለ፤ አንድን ጥያቄ በአጠቃላይ የሚይዘው ጣሪያ፣ ነባሪው 2 ደቂቃ። ስትሪሙን 60 ካደረጉት በ2 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሙከራ ብቻ ይገባል። 120 ካደረጉት አንድ። ከሶክስ በላይ ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ አለ። ፋየርፎክስ ግንኙነት ለመክፈት 90 ሰከንድ ይጠብቃል። የኢሜይል ወይም የመልእክት ፕሮግራም 30 ብቻ ሊጠብቅ ይችላል። ያኔ ውስጡ ገና እየሞከረ ሳለ ውጭው ተስፋ ይቆርጣል። ፕሮግራሙ አዲስ ጥያቄ ይልካል፤ አሮጌው ገና በመንገድ ላይ ነው። በደካማ መስመር ላይ ሁለቱም እየተሻሙ ሁለቱም ይዘገያሉ። ስለዚህ የውጭው ሳጥን ሁልጊዜ ከውስጠኛው መስፋት አለበት። በቶር በኩል የሚሄድ የኢሜይል ፕሮግራም ካለ መጀመሪያ የሚረዝመው የእሱ ገደብ ነው። ይህ የቶርን አሠራር ጨርሶ አይነካም።

የኦንየን አገልግሎቶችን፣ ማለትም በቶር ውስጥ ብቻ የሚገኙ ድረ ገጾችን፣ ለሚጠቀም ሰው ይህ የበለጠ ይገባል። እዚያ መንገዱ ሦስት ሪሌይ ሳይሆን ስድስት ነው፤ ሦስቱ የጎብኚው፣ ሦስቱ የአገልግሎቱ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አገልግሎቱ በጥቃት ሲጨናነቅ የጎብኚውን ኮምፒውተር ትንሽ ስሌት ሊያሠራው ይችላል። አሮጌ ስልክ ላይ ያም ጊዜ ይወስዳል።

የሰርኪት መሥሪያውን መማር መዝጋት የሚያስኬድበት ጠባብ ሁኔታ አለ። መስመሩ በቀን ውስጥ በጣም የሚዋዥቅና ቶር በማታው ሰዓት ደጋግሞ የሚወድቅ ከሆነ፣ መማሩን ዘግቶ ገደቡን ረጅም፣ ነባሪውን 60 ማድረግ ይቻላል። ረጅም ገደብ ወንፊቱን ያሰፋል እንጂ አያጠብም። ዋጋው የሚከፈለው በጊዜ ነው፤ ቀርፋፎቹ 20 በመቶ ሰርኪቶችም ይመጣሉ፣ ገጾችም ይጎተታሉ። አጭር ቁጥር ላይ መቸንከር ግን በየትኛውም ሁኔታ አይመከርም።

ለውጥ ሲደረግ አንድ በአንድ ነው። ሁለት መስመር በአንድ ቀን ከተቀየረ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። ከለውጡ በፊትና በኋላ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለምሳሌ ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ያንኑ ገጽ ከፍቶ ማየት ይበቃል። የሌሊቱን ከማታው ጋር ማወዳደር ግን የሰፈሩን የኢንተርኔት ጸባይ መለካት ነው። ኬብሉ ሲጠገንና መስመሩ ሲመለስ ደግሞ የተጨመረውን መስመር ከፋይሉ ላይ ሰርዞ ቶርን እንደገና ማስነሳት ነው።